በማኅበረሰብ የተፈተነ

ጥቅምት 8

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ደህና ይሠራ የነበረ ነገር «ተሻሽሏል» በተባለ ማግስት የሚበላሸው ለምንድን ነው? ይህን ጠይቆ የማያውቅ ሰው ካለ ስልክም ኮምፒውተርም ነክቶ አያውቅም። ሰላምታ ሳላስቀድም በጥያቄ ስለገባሁ አትቀየመኝ፤ «ቅብጥብጥ» ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንተው ነህ። አሁን ወደ ወጉ ልመለስ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ? ያለህበትን ሁሉ ሰላም ያድርግልህ። እኛ ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት፤ «የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ያለኝ ምን ባስቀይመው ነው? ብለሽ ጠይቂልኝ» ብላኛለች። እንግዲህ ጠየቅሁ።

የምጽፍልህ ስለ «ክንድ» ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እኔን ቁልቁል ያየኛል። እኔ ደግሞ እማዬ ስፌት ቤት ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ፤ እጄ ሲፈታ ኢንተርኔት ላይ ሥራ እፈልጋለሁ። እዚያ ስዞር ነው የሰው ልኬት ሲሰጡት የልብስ ቅድ በወረቀት አትሞ የሚያወጣውን ይህን ነፃ ፕሮግራም ያገኘሁት። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል። አውርጄ የሸሚዝ ቅድ አተምኩና ለእማዬ ሰጠኋት። መነጽሯን አጥልቃ ግራ ቀኝ አየችውና «ይሄ ኮሌታ የኔ ነው» አለች።

«እንዴት ያንቺ ይሆናል? ከባሕር ማዶ እኮ ነው የመጣው» አልኳት።

«ከየትም ይምጣ። አንገቱ ላይ ግማሽ ጣት ወደ ኋላ ሸሸት የማደርግ እኔ ነኝ። ያስተማርኩትም አንድ ሰው ብቻ ነው።»

የሠሪውን ስም ስፈልግ አንተ ሆነህ አገኘሁህ። እማዬ ወረቀቱን ይዛ ለገባ ለወጣው ስታሳይ ዋለች። «ልጄ አልረሳኝም» ትላለች። ቆራጯ፣ ካንተ በኋላ የተቀጠረች፣ ወሬን ከጨርቅ እኩል የምትቆርጥ ሴት ናት፣ «እትዬ፣ ለእርስዎ ሳይነግር ለዓለም ማሳየቱ ምን የሚሉት አለመርሳት ነው?» ብላ ጣልቃ ገባች። እማዬ ተቆጣቻት።

ችግሩ ሰሞኑን የለቀቅኸው አዲሱ ቨርዥን ነው። እጅጌው ሁለት ወረቀት ላይ ተከፍሎ ይታተማል፤ ሲቀጠል ደግሞ ጫፍና ጫፉ አይገናኝም። የድሮው ይሻል ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ለማን ነው የሚነገረው? ማገዝ እፈልጋለሁ። ኮድ አነባለሁ፣ ጊዜ አለኝ፣ ጨርቅና መቀስም ከቤታችን አይጠፋም። ብቻ አትዘግይብኝ፤ መጠበቅ እንደማልችል ታውቃለህ።

እህትህ ቅብጥብጧ


ጥቅምት 9

ለማትቀመጠዋ እህቴ፤

በያለሽበት ደስታ አይለይሽ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ከጠረጴዛ ሥር አንብቤው ስስቅ አለቃዬ አፈጠጠብኝ። የአክስቴን ጉልበት ሳሚልኝ። ዝም ያልኩት በክፋት አይደለም፤ ሥራው እንደ ጎርፍ ነው። እሑድ እደውላለሁ በያት።

ጥያቄሽን ልመልስ። በዓመት አንዴ ብቻ ብንለቅ ለውጡ እንደ ተጠራቀመ ያልታጠበ ልብስ ይቆለላል፤ የትኛው እድፍ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እንለቃለን። ትንሽ ለውጥ የምታመጣው ትንሽ ስህተት ናት፣ ቶሎም ትገኛለች። ለሁሉም ከመልቀቃችን በፊት ደግሞ የሙከራ ቨርዥን ይወጣል። ተጠቃሚው ማኅበረሰብ ይሞክረዋል፤ ያገኘውን ስህተት ሁሉም በሚያነበው መድረክ ላይ ይጽፋል፤ እናርማለን። ከዚያ ነው «በማኅበረሰብ የተፈተነ» ተብሎ የሚለቀቀው። አንድ ሰው ያላየውን መቶ ዓይን ያየዋል። እጅጌዋ እንዴት እንዳመለጠችን አላውቅም፤ ዛሬውኑ አስተካክላታለሁ።

አንቺንም ከሞካሪዎቹ መሃል አስገባሻለሁ። አዲስ ነገር ሁሉ ከማንም በፊት ላንቺ ይደርስሻል። ቤተሰብ አይደለሽ?

አንድ ነገር ብቻ። ስህተት ስታገኚ መድረኩ ላይ አትጻፊ። እዚያ ያሉት ሰዎች ምላሳቸው መርፌ ነው፤ ጀማሪ ሲያዩ ይወጋሉ። አንድ ቃል ከሳትሽ መሳቂያ ያደርጉሻል። ለእኔ ጻፊልኝ፣ በዚያው ቀን አርመዋለሁ። የቤታችንን ጉድ እኛው እንጨርሰው።

ወንድምሽ


ኅዳር 4

ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን አለህልኝ? በረከቱ፣ ጤናው፣ ሥራው ሁሉ ይስመርልህ። እኔ ከደስታዬ ብዛት ቁልፍ ስተክል ጣቴን አብሬ እየሰፋሁ ነው። እጅጌውን ባልከው ቀን አርመህ ስታሳየኝ ለቤቱ ሰው ሁሉ «አያችሁ? እኔ ጻፍኩ፣ እሱ አረመ» እያልኩ አሰለቸኋቸው።

አሠራራችንን ልንገርህ። ከቆራጯ ጠረጴዛ አንድ ጥግ ተሰጥቶኛል። አዲስ ቨርዥን ስትልክልኝ ቅዱን አትማለሁ፤ ቆራጯ ከአሮጌ መጋረጃ ትቆርጠዋለች፤ ሰፊዋ በጥድፊያ ትሰፋዋለች፤ እኔ ለብሼ ወጣ እላለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «ቤታችሁ መስኮቱ ተሸጠ እንዴ?» ይለኛል። ባለፈው የላክኸው ሸሚዝ ኪሱ ብብት ሥር ነው የወረደው። ቆራጯ «ይሄማ ትኩሳት መለኪያ ማስቀመጫ ነው፣ ለሆስፒታል እንሽጠው» አለች። ሌላም አለ፤ የወንዱ ሸሚዝ ቁልፍ እንደ ሴት ሸሚዝ ወደ ሌላው ጎን ዞሯል፣ የሱሪው ወገብም ሲታተም ከልኩ ይጠባል። ሁሉንም ለየብቻ ጽፌ ከሥር አያይዤልሃለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅህ። መድረኩን ከፈትኩት፤ እንዳልከኝ አልጻፍኩበትም፣ ለማንበብ ብቻ ነው። ፀጥ ያለ ነው። ስለ ስህተት የሚጽፍ ሰው አላየሁም። ሌሎቹ ሞካሪዎች የሚነጋገሩት የት ነው? ልተዋወቃቸው እፈልጋለሁ፤ ምን ላይ እንደሚሞክሩ፣ ማን መጋረጃ ለብሶ እንደሚዞር ለማወቅ ጓጉቻለሁ። ሁለተኛው፣ ካገዙት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስሜን ልታስገባልኝ ትችላለህ? ለሥራ በጠየቁኝ ቁጥር «ምን ሠርተሻል?» ይሉኛል፤ የማሳየው ነገር ባገኝ።

እማዬ እሑድ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ አጠገቡ ተቀምጣ ዋለች። ሥራ በዝቶበት ነው ብያታለሁ። ሰላም በይው ብላለች።

ቅብጥብጧ


ኅዳር 23

ሰላም ቅብጥብጥ፤

የላክሻቸው ስህተቶች ሁሉ ታርመዋል። ጎበዝ። ትልቅ ዜና አለኝ። ለስፌት ማሠልጠኛዎች መሣሪያ የሚያቀርብ አንድ ድርጅት «ክንድ»ን ለማሠልጠኛዎቹ ሁሉ ሊወስደው አስቧል፤ እኔንም ሙሉ ጊዜዬን እዚህ ላይ እንድሠራ ሊቀጥረኝ ነው። የሚያዩት ሁለት ነገር ነው፤ ፕሮጀክቱ ሕያው መሆኑን፣ ማለትም ቶሎ ቶሎ መለቀቁን፣ እና በማኅበረሰብ መፈተኑን። ስለዚህ ከእንግዲህ በየሳምንቱ እንለቃለን። አንቺም በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ስጪኝ። ጠቅለል አድርገሽ ጻፊ፤ የመጋረጃውን ታሪክ ተይው።

ሌሎቹ ሞካሪዎች አሉ። ዝም ያለ ማለት ያልተቸገረ ማለት ነው፤ ሰው የሚጽፈው ሲከፋው ብቻ ነው። መድረኩ ንጹሕ መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ስምሽን በሚቀጥለው ቨርዥን እጨምራለሁ።

አክስቴን ሰላም በያት።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 11

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ለዜናህ እንኳን ደስ ያለህ። እማዬ መርቃሃለች፤ ምርቃቷ ረጅም ስለሆነና ጠቅልይ ስላልከኝ «አሜን» በልና እለፈው።

እኛም ዜና አለን። ከአስፋልቱ ወዲያ ያለው ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ዩኒፎርም እኛ እንድንሰፋ ሰጠን። ከትንሹ ክፍል እስከ ትልቁ፣ ሸሚዝና ሱሪ፣ ሸሚዝና ጉርድ። እማዬ መጀመሪያ እንቢ ብላ ነበር፤ «ይህን ሁሉ ልክ በእጅ ቅድ አልደርስበትም» አለች። ኋላ ግን ርዕሰ መምህርቷ ወደ በሩ ስትሄድ «ቆይ እስቲ፣ የልጄ ፕሮግራም አለ» ብላ መለሰቻት። የዘንድሮው ካማረላት በየዓመቱ ለእኛ ልትሰጠን ቃል ገብታለች። ሥራ ሲቀዘቅዝ የሸኘናቸውን ሁለቱን ሰፊዎች እማዬ መልሳ ጠርታቸዋለች። አንዷ የያዘችውን ሥራ ትታ ነው የመጣችው፤ «እናንተ ጋ ሰው ነኝ፣ እዚያ ቁጥር ነኝ» አለችን። ስፌት ቤቱ እንደ ድሮው ሞልቷል። አምስቱም የስፌት መኪና አንድ ላይ ሲያጓራ እማዬ ጉልበቷን እንኳ ረስታዋለች።

ስለዚህ ዛሬ የምጠይቅህን እባክህ አስበህ መልስልኝ። የትኛውን ቨርዥን እንጠቀም? ጨርቁ ተደራርቦ ተነጥፎ በኤሌክትሪክ መቁረጫ ነው የሚቆረጠው፤ አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። ትርፍ ጣቃ ጨርቅም አልገዛንም። እማዬ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። መጀመሪያ አንድ ልብስ ሰፍተን እንየው» ትላለች። ቆራጯ ደግሞ፣ በወረቀትህ መቁረጥ ከጀመረች ወዲህ ያንተ ደጋፊ ሆናለች፣ «ተፈትኗል የተባለውን ደግሞ ምን ይፈተናል? ጊዜ የለንም» ትላለች። ሁለቱ ሲከራከሩ ቆይተው እማዬ እንዲህ ብላ ዘጋችው፤ «እሱ ቁረጡ ካለ እቆርጣለሁ። እጁን አውቀዋለሁ።»

መልስህን እንጠብቃለን። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ቅብጥብጧ


ታኅሣሥ 12

ሰላም፤

ትናንት የላክሁልሽን አዲሱን ተጠቀሙ። ተፈትኗል። ናሙና መስፋት ጊዜ ማባከን ነው። ቁረጡ።

ስትጨርሱ ምን ያህል ልብስ እንደወጣ ጻፊልኝ፣ ፎቶም ላኪልኝ፤ እፈልገዋለሁ።

በጥድፊያ ነኝ። ወንድምሽ


ታኅሣሥ 18

ወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው።

ቆረጥን። ጨርቁን ደራርበን አነጠፍን፣ ቅዱን ከላይ ሰካን፣ ቆራጯ እያንጎራጎረች ሁሉንም ልክ ጨረሰችው። ከዚያ ከተመለሱት ሰፊዎች አንዷ የመጀመሪያውን ሸሚዝ ጎን ገጥማ እጅጌውን ልትከት ስትል እጅጌው የብብቱን ክብ አልሞላ አላት። ሳቅንባት። «ከተመለሽ ገና ሳምንትሽ ነው፣ እጅሽ ዝጓል» አልናት። ሌላ አነሳች፤ እሱም አልሞላም። ኮሌታው አንገቱን ዞሮ አልደርስ አለ። ሱሪውን ሞከርን፤ የአሥር ዓመት ልጅ ልክ ተብሎ የተቆረጠው ለስምንት ዓመት ልጅ ይጠባል። ሳቁ በየተራ እየጠፋ ሄደ።

እማዬ ወረቀቱን አንስታ ዳር ዳሩን በጣቷ ዳሰሰችው። «ትርፉ የት አለ?» አለች።

ትርፉ የለም። እስከ ዛሬ «ክንድ» የሚያትመው መስመር የመቁረጫው መስመር ነበር፤ ስፌት የሚበላው ትርፍ ተጨምሮበት። በአዲሱ ቨርዥን ትርፉን ከቅዱ አውጥተህ በምርጫ የሚገባ አድርገኸዋል። ምርጫው ሌላ ገጽ ውስጥ ነው፤ እዚያ ገብቶ ያልመረጠ ሰው የሚታተምለት የስፌቱ መስመር ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ይህን የሚናገር አንድ ቃል የለም። እኔም ያወቅሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ኮድህን ከፍቼ ነው። እኛ መሰፋት ባለበት መስመር ላይ ቆረጥን። ሁሉንም።

የጮኸ ሰው አልነበረም። ቆራጯ መቁረጫውን ከሶኬቱ ነቅላ ገመዱን ትጠቀልላለች፣ ትፈታዋለች፣ ደግሞ ትጠቀልለዋለች። በመጨረሻ «እኔ ምን አገባኝ፤ ቁረጪ ተባልኩ፣ ቆረጥኩ» አለች። «አንቺን ማን ወቀሰሽ?» አለቻት እማዬ። የባሰብኝ ይሄ ነው። ሁሉም የሚወቅሰው ሰው እየፈለገ ያንተን ስም ያነሳ አልነበረም፤ እማዬን ፈርተው።

አውቀህ እንዳላደረግኸው አውቃለሁ። ግን ሌሎቹ ሞካሪዎች እንዴት አላገኙትም? ይሄኔ ሌላ ቦታ ሌላ ስፌት ቤት ጨርቅ እያነጠፈ ይሆናል። ቶሎ አስጠንቅቃቸው። እኔ መድረኩ ላይ ልጻፈው ብዬ ነበር፤ አትጻፊ ስላልከኝ ነው ያልጻፍኩት። እባክህ ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ


ጥር 3

ወንድም ጋሼ፤

ደብዳቤዬ አልደረሰህም ይሆን? በመሃል አዳዲስ ቨርዥን ለቀሃል፤ ስለዚህ በጤናህ እንዳለህ አውቃለሁ።

ርዕሰ መምህርቷ ነገ ልብሱን ልታይ ትመጣለች። ምን ልበላት?

እማዬ ሰላም በይው ብላለች።


ጥር 14

ውድ ቅብጥብጥ፤

እንደምን አላችሁ? ስለዘገየሁ ይቅርታ። ለአክስቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳስብ ቀኑ ሄደ። ስህተቷ የኔ ናት፤ ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ አርሜያታለሁ።

ልብሽ እንዲያርፍ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሌላ ማንም አልተጎዳም። ያ ቨርዥን ለሌሎች ገና አልተለቀቀም ነበር፤ እናንተ ጋ ብቻ ነበር። ለሁሉም ልለቀው ስል ያንቺ ደብዳቤ ደረሰና አስቆምኩት። እስቲ አስቢው፤ አንቺ ባትኖሪ ስንት ስፌት ቤት ነበር ጨርቁ የሚባክነው? ፈተናው ሠርቷል ማለት ነው። በዚህ ልትኮሪ ይገባሻል።

ስለ ሌሎቹ ሞካሪዎች ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። እውነቱን ለመናገር ካንቺ ሌላ የለም። ሰው ነፃ ነገር ይወስዳል እንጂ ጊዜውን አይሰጥም። ግን በእውነተኛ ጨርቅ የምትሞክር አንዲት ቤት ከመቶ ወሬኛ ትበልጣለች፤ ውሸት ጻፍኩ ብዬ አላስብም። ድርጅቱ የጠየቀኝም «አንድ ሙሉ ትእዛዝ ተቆርጦበታል ወይ?» ብሎ ነበር። እናንተ ትእዛዝ አገኘን ስትሉኝ ጥሩ አጋጣሚ ነው አልኩ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ናሙና ስፉ እላችሁ ነበር፤ ለድርጅቱ የማቀርበው ሪፖርት ቀኑ ደርሶብኝ ነው።

የጨርቁን ነገር አስብበታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ድርጅቱ ውሳኔውን እስኪያሳውቅ መድረኩ ላይ ምንም አትጻፊ። ገመናችን ነው። ነገሩ ከተሳካ ላንቺም ሥራ አለ፤ የሞካሪዎች አስተባባሪ አደርግሻለሁ። ልከራከርሽ አይደለም እንጂ፣ የአጠቃቀም ፈቃዱ ላይም ፕሮግራሙ ያለ ምንም ዋስትና እንደሚሰጥ ተጽፏል። ስምሽን አስገብቼዋለሁ፤ እይው።

ወንድምሽ


ጥር 29

ለአክስቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። በሄድክበት ክፉ አይንካህ፤ ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምልህ።

ደብዳቤህን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። መዝለል የፈለግሁት ቦታ ነበር፤ ድምፄ ሲጎተት አወቀችብኝና «ምን አፈነሽ? እንዳለ አንብቢው» አለች። «እናንተ ጋ ብቻ ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች። «ድገሚው።» ደገምኩት።

«እንግዲህ ሲያውቅ ነው» አለች።

«ስህተቱን አላወቀም፣ እማዬ።»

«ስህተቱንማ አላወቀም። ማንም እንዳልሞከረው ግን ያውቃል። ተፈትኗል ያለን እኛን ሊፈትን ነው።»

ቀጥላም «የሱን ሱሪ ስሰፋ ሁልጊዜ እግሩ ላይ አራት ጣት አጥፌ አስቀር ነበር። ያድጋል ብዬ ነዋ» አለች። ከዚያ ወዲያ ስላንተ አልተናገረችም። እስከ ዛሬ በጻፍኩልህ ቁጥር ሰላም በይው ትለኝ ነበር፤ ዛሬ እየጻፍኩ መሆኔን እያየች አላለችኝም። ቆራጯ «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» አለች። በዚህኛው ጊዜ የተቆጣት የለም።

የልብሱን ነገር ባትጠይቀኝም ልንገርህ። የትልልቆቹን ልክ እያፈረስን ለትንንሾቹ እንደገና ቆረጥነው። ለትልልቆቹ ክፍሎች የተረፈ ጨርቅ የለም። ርዕሰ መምህርቷ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የተበላሸውን ክምር ስታይ አልተቆጣችም፣ «ልጆቹ ያለ ልብስ አይገቡም፣ ምን ላድርግ?» አለችና ግማሹን ሥራ ለሌላ ስፌት ቤት ሰጠችው። የከርሞውን አንስተንባት ነበር፤ «እናያለን» አለች። «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ እማዬ ታውቃለች። ሥራዋን ትታ የመጣችው ሰፊ ወደ ነበረችበት ስትመለስ ቦታዋ በሌላ ሰው ተይዞ አገኘችው። አሁን ጠዋት ጠዋት እየመጣች ቁልፍ ትተክላለች። ያ የኔ ሥራ ነበር፤ ለቀቅሁላት።

በአንተ የተናደድኩት ስለተሳሳትክ አይደለም። ስህተትማ ስንቱን አብረን አረምን። ቶሎ ቶሎ መልቀቁንም ዛሬም አልጠላሁትም፤ ያስተማርከኝ ነገር እውነት ነው፣ ትንሽ ለውጥ ትንሽ ስህተት ናት። ግን ለውጡ ትንሽ የሚሆነው የሚያየው ሰው እስካለ ነው። መቶ ዓይን አልከኝ፤ መቶው ዓይን የኔ ሁለቱ ናቸው። «ከማንም በፊት ላንቺ» ስትለኝ የወንድም ስጦታ መስሎኝ ለሰው ሁሉ አወራሁ። አዲስ ነገር ከማንም በፊት የሚደርሰው ለሚወዱት ሰው ብቻ አለመሆኑን አላውቅም ነበር፤ ለካ ቢጎዳ ለማይጮኸውም ነው። እኛ እንቢ እንደማንልህ ታውቃለህ። እማዬ እጁን አውቀዋለሁ እንዳለች ጽፌልህ ነበር። ያንን አንብበህ ነው «ቁረጡ» ያልከን።

መድረኩን በጣም ፈርቼው ነበር፤ ምላሳቸው መርፌ ነው ስላልከኝ። የሚቀርብኝን ሳስብ ብዙ ቀን ጻፍ ደለዝ አደረግሁ። የአስተባባሪነቱን ሥራ ማለቴ ነው፤ ሥራ ለሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለውን «አልፈልግም» ማለት እንዴት እንደሚከብድ አንተም አልፈህበታል። አልፈልገውም። ዛሬ ጠዋት ጻፍኩ። ስድብ የለበትም። የትኛው ቨርዥን እንደሆነ፣ ምን እንደጎደለው፣ ምን እንደተቆረጠበት፣ ከዚያ በፊት ያሉትንም ስህተቶች፣ ማን እንደሞከራቸውም። ስሜንም አየሁት። «የማኅበረሰቡ ሞካሪዎች» በሚለው ርዕስ ሥር ብቻዬን ቆሜያለሁ። እሱንም ጻፍኩት። ገመና ብለኸኛል። ገመና የሚሸፈነው ሰው እንዳይጎዳ ነው፤ ሰው እየተጎዳበት ያለውን ነገር እኛ ቤት ገመና አይሉትም።

የወጋኝ ሰው የለም። ከሰዓት ሳይሆን ሦስት ሰው መለሰልኝ። አንዱ ድንኳን ሰፊ ነው፤ አንዷ ለተውኔት ቤት ልብስ ታዘጋጃለች፤ ሦስተኛዋ የሕፃናት ልብስ የምትሰፋ ሽማግሌ ናት፣ የጻፈላት የልጅ ልጇ ነው። እንዲህ ትላለች፤ «ከመጀመሪያው ጀምሮ እጠቀምበታለሁ። ሞክሩ ብሎ የጠየቀን የለም እንጂ እንሞክር ነበር።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። የለም ያልከኝ ማኅበረሰብ እዚያው ነበር። እነሱን መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ምናልባትም «አልሆነም፣ ቆይ» ይሉሃል። እኛን መጠየቅ ቀለለህ።

አራታችን አንድ ነገር ተስማምተናል። የሙከራ ቨርዥን ሲወጣ ቢያንስ ሁለት ስፌት ቤቶች አንድ አንድ ልብስ ሰፍተውበት፣ ሰው ለብሶት፣ ያገኙትን መድረኩ ላይ እስኪጽፉ «የተፈተነ» አይባልም። ሳምንት ቢፈጅ ሳምንት፣ ወር ቢፈጅ ወር። የሚለቀቀው ሞካሪው ሲበቃው ነው፣ ሪፖርቱ ሲደርስ አይደለም። ይህን ከተቀበልክ እንደ እስከ ዛሬው መሪው አንተ ነህ፤ እኔም ስህተት ባገኘሁ ቁጥር እጽፍልሃለሁ፣ ሰው እያየ። ካልተቀበልክ ኮዱ ክፍት ነው፤ ይዘነው በራሳችን መንገድ እንሄዳለን። እምቢታህንም ቢሆን እዚያው መድረኩ ላይ አስቀምጥልን፤ ድርጅቱም ያንብበው።

ይህን ደብዳቤ ከቀደሙት ደብዳቤዎቻችን ጋር አብሬ መድረኩ ላይ አኑሬዋለሁ። እንግዲህ ለምታነቡት ሁሉ፣ በ«ክንድ» ቅድ ለምትቆርጡ፤ ምን ትሰፋላችሁ? ለማን? እስከ ዛሬ ምን አበላሽቶባችሁ ዝም ብላችሁ አሳልፋችኋል? ቁራጭ ጨርቅና አንድ ከሰዓት ያለው ሰው ከሥር ይጻፍልን። የሚቀጥለው የሙከራ ቨርዥን ሊወጣ ነው፤ የመጀመሪያውን ልብስ የሚሰፋው ማን ነው?